የምትጥሉትን የለመነ ሰው

ከቢቸና ገበያ መውጫ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ሹፌሩ ስልኩን ከጆሮው አወረደና ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ጋሼ፣ ሞጣ ላይ ዶክተር ኩበት ሞተ አሉ» አለኝ።

«ስም አለው» አልኩት።

«ማን?»

«ሰውዬው። ዶክተር ይሄይስ ነው ስሙ። አቁምልኝ።»

ልጁ ክፋት የለበትም፤ አገር ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። ብዙው ሰው ሌላ ስም እንዳለውም አያውቅም። ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ወዴት እንደምሄድ ግን ጠፋኝ። እኔ ከሞጣ ቢቸና ድረስ የመጣሁት ለዚያው ሰው ነፍስ ማቆያ ልለምን ነበር። ደጅ ስጠና ሰንብቼ፣ ባዶ እጄን ልመለስ ስል ነው መርዶው የደረሰኝ።

ፈንቴ እባላለሁ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ ዱላ ይለምዳል። ስለ ይሄይስ የሚጽፍ የተማረ ሰው ስጠብቅ ከረምኩ። የተማሩት አፈሩበት። እኔ አላፍርም።

ይሄይስ የቢቸና ልጅ ነው። አባቱ ቄስ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እሱም በልጅነቱ ከአባቱ ተማሪዎች ጋር ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኗል። ውሻ ነክሶታል፤ ጠባሳውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳይቶኛል። በኋላ አስኳላ ገባ፣ ሐኪም ሆነ፣ ሞጣ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ከፈተ። እኔ በዘበኝነት የገባሁት ያን ጊዜ ነው። አባቱን ስለማውቅ አንቱ ብዬው አላውቅም። እሱ ግን አንቱ እንዳለኝ ሞተ።

ቀጭን፣ ትከሻው ወደፊት ያዘነበለ ሰው ነበር። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብና፣ ሁለቱንም ወደ ላይ እንደያዘ፣ ሊቀድስ እንደሚገባ ቄስ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል። ሲናደድ አይጮህም። መነጽሩን አውልቆ በነጭ ካፖርቱ ጫፍ ይወለውላል፤ በጣም ከተናደደ ደግሞ የጠራውን መነጽር እንደገና ይወለውላል።

ሥራውን ሳላድበሰብስ ልናገር። ሰው ለሳንባው ወይም ለቁስሉ ጠንካራ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ ሕመሙን ሲገድል፣ ሆድ ውስጥ ለጤና የተቀመጡትን ጥቃቅን ነፍሳትም አብሮ ይፈጃል። ያን ጊዜ አንድ ክፉ ዘር ብቻውን አንጀቱን ይወርሳል። ሰውዬውን ደም እስኪቀላቅል ያስቀምጠዋል፤ ቆዳና አጥንቱ ይቀራል። የሚሆነው መድኃኒት ከሩቅ ነው የሚመጣ፤ ቢመጣም አንዳንዱን ያሽለውና ሕመሙ ይመለስበታል። ይሄይስ የሚያደርገው፣ ከጤነኛ ሰው አር ወስዶ ለታመመው ሆድ መስጠት ነበር። አዎ፣ አር። እኔም መጀመሪያ ስሰማ አማትቤያለሁ።

አይቶኝ ሳቀና፣ «ጋሼ ፈንቴ፣ ቡሆቃው በፈላ ውሃ ቢታጠብ ሊጡ በምን ይቦካል?» አለኝ።

«በምንም። እርሾው ሞቶ በምን ይቦካል?»

«ሴቶቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ጎረቤት ሄደው እርሾ ይለምናሉ።»

«የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አለ። «እርሾ መለመን።»

ከዚያ በኋላ አላማተብኩም። በእኛ አገር እርሾ አይከለከልም። ተጣልተው ሰላምታ ያቋረጡ ሴቶች እንኳ፣ እርሾ ሲላክባቸው ፊታቸውን አዙረውም ቢሆን ይሰጣሉ።

ጭንቁ ሰጪ ማግኘት ነበር። ሰጪው ደሙም ሰገራውም ይመረመራል፤ ትል የሌለበት፣ በቅርብ ጊዜ መድኃኒት ያልዋጠ መሆን አለበት። እኔን ገና በሩ ላይ ጣለኝ፤ የሳንባ መድኃኒት አልተለየኝምና። ሌላው ሲጠየቅ ይስቃል፣ ወይ ይቆጣል። ይሄይስ ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፤ «ሌላ ነገር አልጠየቅኋችሁም፤ የምትጥሉትን ነው የምለምናችሁ» ይላል። ቁራሽ ሲለምን ያደገን ሰው ልመና አያሳፍረውም። ማፈር ያለበት ደጅ የተዘጋበት ሰው ሳይሆን የዘጋው ነው ብሎ ያምን ነበር።

የሚሆን ሰው ያገኘው ከቢቸና ነው። ምኒችል ይባላል፤ ከብት እየነዳ ሞጣ ገበያ የሚመላለስ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ ጎልማሳ። ምርመራውን ሁሉ አለፈ። ሞጣ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ ፈንቴ፣ ላሚቱ መጥታለች፤ ጮጮውን አቅርብ» ይለኛል። እኔም «ዛሬ ጥጃዋን አስጠግተህ ነው?» እለዋለሁ። እንዲህ እየተቀላለድን ነው ስንቱ ሰው የዳነ።

የሰጠውን ይሄይስና ነርሷ ሲስተር ሙሉ በር ዘግተው ያዘጋጁታል። በጨው ውሃ ይበጠብጡታል፣ በሻሽ ያጠሉታል፣ ከዚያ ግሊሰሪን የሚሉትን ወፈር ያለ ፈሳሽ ይጨምሩበታል። ይኼስ ለምን አልኩት።

«በረዶ ሲሠራ ነፍሳቱን እንደ መርፌ ይወጋቸዋል» አለኝ። «ይኼ ጋቢ ይሆናቸዋል።»

ከዚያ በየብልቃጡ ከፍሎ ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ይከተዋል። እንደዚያ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል። ምኒችል ባይመጣም፣ በሽተኛ በድንገት ቢደርስም፣ እርሾው አለ። አንዴ ከቀለጠ ግን ተመልሶ ቢቀዘቅዝ ጥቅም የለውም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማስነሣት የእኔ ሥራ ሆነ። ከበሩ ይልቅ ያን ሳጥን ነበር የምጠብቅ።

ለበሽተኛው በአፍንጫ በቱቦ መስጠትም ይቻላል፣ በታችም ይቻላል። ይሄይስ ለቆራቢ ሰው ሁልጊዜ በታች ነበር የሚሰጥ። «ቅዱስ ቁርባን በገባበት በኩል አላሳልፈውም» አለኝ አንድ ቀን። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። ራሱ አስቦት ነው። ቄሶቹ ይህን አያውቁም፤ ስለዚህም አላመሰገኑትም።

አሁን አቶ ሙጨን ላምጣ። ሙጨ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ለምን እንደቀየርኩት በኋላ ይገባችኋል። የቢቸና እህል ነጋዴ ነው፣ በሰበካ ጉባኤውም ቃሉ የሚሰማ። እግሩ ቆስሎ መድኃኒት ሲውጥ ከርሞ ያ ተቅማጥ ጣለውና በቃሬዛ አመጡት። ይሄይስ ከሚስቱ ጋር አስቀምጦ ምን እንደሚሰጠው አንድም ሳይደብቅ ነገረው። እኔ ሰውዬውን ደግፌ ይዤ ነበርና ሰምቻለሁ። ሙጨ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ «ከዚህ ክፍል አይውጣ እንጂ ያሻህን አድርግ» አለ። ከፍሪዙ የምኒችል ብልቃጥ ወጥቶ ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ሊያዩት ሲመጡ በእግሩ ቆሞ በር ላይ ተቀበላቸው።

ቢቸና ሲገባ ግን ጠበል አዳነኝ አለ። ይሄይስ ሲሰማ አልከፋውም፤ «ጠበሉም ይሁን፤ ብቻ ይዳኑ» አለ። የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው። የክሊኒኩ ወሬ ቢቸና ሲደርስ፣ ሙጨ እንዳይጠረጠር ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ። «ያ የሞጣው ዶክተር ኩበት፣ ክረምት ሊገባበት ነው መሰል ይከምራል» አለ በሱቁ ደጅ። ሰው ፈነዳ። ስሙ በዚያው ቀረ። ይህን የነገረኝ ምኒችል ነው፤ እዚያው ቆሞ አብሮ ስቋል። ሙጨን በእግሩ ያቆመው የእሱ እርሾ መሆኑን በምን ይወቅ? እኔም አልነገርኩት።

ስሙ ከቢቸና ሞጣ ለመድረስ ባጃጅ አላስፈለገውም። ሰው ከይሄይስ ጋር እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተወ፤ በሩቁ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። በጽዋ ማኅበሩ ዳቦ የመቁረስ ተራው ሲደርስ ሌላ ሰው ቀድሞ ይቆርሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጁን እስከ ክርኑ የሚታጠብ እሱ ብቻ ነበር። ቅር ልበል ብሎ አልቀረም። እየሄደ ዳር ይቀመጣል፣ የሰጡትን ይበላል፣ አመስግኖ ይመለሳል። ሲመለስ መነጽሩን ይወለውላል። እኔ ተናድጄ፣ ሙጨን በስሙ ጥራውና አፉን ይዝጋ ስለው፣ «ጋሼ፣ የበሽተኛ ምስጢር እንደ ንስሐ ነው» አለኝ። የቄስ ልጅ ነው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። የጠፋው እንደ ወትሮው አይደለም። ተኩስ ሆኖ መንገዱ ሲዘጋ ነዳጅም አብሮ ጠፋ። ያለችውን ጠብታ ስቆጥብ፣ ከዚህም ከዚያም ስለምን ቆየሁ፤ በመጨረሻ ጄኔሬተሩ አንገቱን ደፋ። ብልቃጦቹ ቀለጡ። መድፋት ይቻል ነበር። ይሄይስ ግን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ በአንድ ቀበራቸው። አካፋውን ልቀበለው ብል አልሰጠኝም።

«እያንዳንዱ ብልቃጥ አንድ ሰው ነበር፣ ጋሼ» አለኝ።

ያን ሰሞን ስባሪ ብርጭቆ እጁን ቆረጠውና ክንዱ አበጠ። ሲስተር ሙሉ ጠንካራ መድኃኒት ሰጠችው፤ ባትሰጠው ክንዱ ይሄድ ነበር። ክንዱ ዳነ፤ ሆዱ ተያዘ። ምን እንደያዘው ከማንም በፊት ያወቀው ራሱ ነው።

«ቡሆቃዬ ታጠበ» አለኝ ከአልጋው ሆኖ።

መድኃኒቱ ከባሕር ዳር መምጣት ነበረበት፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ መኪና የለም። ወደ ደጀን በኩልም በሽተኛ ጭኖ መውጣት አይታሰብም። ሲስተር ሙሉ ሞጣ ላይ ሰጪ ብትለምን የሰማት ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የቀረን ምኒችል ነበር። እኔ ተነሣሁ። ሽማግሌ ሰው በእግርም በበቅሎም ቢሆን ያልፋል፤ ማንም ቁም አይለውም። ደብረ ወርቅ አድሬ ቢቸና ገባሁ።

ምኒችል አላመነታም። «ለእሱ? ደሜንም ይውሰድ» አለ። በማግስቱ ማለዳ እንነሣ ተባባልን። ማለዳ ብሄድ ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። ብጠብቅ አይመጣም። ብጣራ ከጓሮ «መጣሁ» ይላል፤ ይመጣና ተመልሶ ይሮጣል። ፊቱ አመድ መስሏል። ታመምክ ወይ አልኩት።

«ኧረ ደኅና ነኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ኮሶ ጠጥቼ ነው። ለሌላው በሽተኛ ሲሆን እንዲሁ ሰጠሁ፤ ለራሱ ለዶክተሩ ቆሻሻ ይዤ ልቅረብ?»

ሌላ አገር ያለ ሰው እንዲህ አያደርግም። የእኛ ሰው ግን የሚያከብረው ሰው ዘንድ ሲሄድ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ነው የሚሄድ፤ ምኒችል ደግሞ አንጀቱን አጥቦ መሄድ አማረው። ምናልባት ይሆናል ብዬ፣ እያሳረፍኩት ይዤው ሞጣ ገባሁ።

ይሄይስ ሲሰማ ዓይኑን ወደ ምኒችል መለሰ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ፤ ድምፁ አልቋል። «እርሾ አምጣ ቢሉት ማሰሮውን አጥቦ መጣ» አለ። ምኒችል አልጋው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይሄይስ እጁን ሰዶ ራሱን ዳበሰው።

«አንተ አክብረኸኝ ነው» አለው። «ያላከበሩኝ ሆዳቸው ሙሉ ነው።»

የምኒችል እርሾ መቼ ይመለሳል ብዬ ጠየቅሁት። «ይመለሳል» አለኝ፤ «እኔ ግን አልጠብቀውም።»

ሰጪ ይሁን ብዬ የሙጨን ልጅ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣ፣ ሐኪም ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ወጣት ነው። ይሄይስ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና አስማለኝ። «የአባትየውን ምስጢር በአደባባይ እንዳያወጡ። ለምኑ፤ አያስፈራሩ። የምትጥሉትን ነው የሚለምናችሁ ይበሉ።» ስሙን የቀየርኩት ለዚህ መሐላ ነው። ይሄይስ ቢሞትም መሐላው አልሞተም።

ቢቸና ተመልሼ ሙጨን መጋዘኑ ውስጥ አገኘሁት፤ ብቻውን ነበር። ቁጭ በል አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ነገሩን ነገርኩት።

«መኪና ቢሆን እፈልግለታለሁ፣ ፈንቴ» አለ።

«መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም። የሚፈልገው ልጅህ ማለዳ ማለዳ የሚጥለውን ነው።»

«የአለቃን ልጅ ልናጭለት ሽማግሌ ልከናል እኮ። ይህ ቢሰማ ማን ይሰጠናል? የዶክተር ኩበት ላም ሊሉት ነው።»

«አይሰማም። የአንተ ተሰምቷል?»

ፊቱ ጠቆረ። ከኩንታሉ ላይ የፈሰሰ ጤፍ በጣቱ ሲሰበስብ ቆየ።

«እኔ በጠበል ነው የዳንኩ» አለ።

መጋዘኑ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ነፍስ አልነበረም። ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ ደግፌ ይዤ ላሰጠሁት ለእኔ።

ልጁን ለብቻው አግኝቼም ለምኛለሁ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ «አባቴ ምን አሉ?» አለኝ። ሌሎች በይሄይስ እጅ የዳኑ ሰዎችም አሉ፤ የእነሱን ሳይሆን የጤነኛ ልጆቻቸውን፣ የጤነኛ ወንድሞቻቸውን ለመንኳቸው። አንዱ ጾም ነው አለኝ፤ አር ከጾም ምን አገባው? አንዷ ባሌን ላማክር ብላ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። አንዱ ደግሞ ጭራሽ ሞጣ ሄጄ አላውቅም አለኝ፤ አልጋው ላይ ውሃ ያጠጣሁት ሰው ነው። ዘመኔን ሙሉ በኩራት የኖርኩ ሰው፣ ለአር ደጅ ስጠና ሰነበትኩ። በመጨረሻ ለብቻዬም ቢሆን ልመለስ ብዬ እስከ ከተማው ዳር ባጃጅ ተሳፈርኩ፤ የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ሞጣ ስደርስ አፈር ለብሷል። ቀብሩ ላይ ሰው ጢም ብሎ ነበር አሉኝ። በቁም እያለ እጁን ያልነኩት ሬሳውን ለመሸከም ተሻሙ።

ተዝካሩ ቢቸና፣ እናቱ ቤት ወጣ። እናቱ መነኩሴ ናቸው፣ እማሆይ እንላቸዋለን፤ ዓይናቸው ደክሟል። ድንኳን ተተከለ፣ ካህናቱ ተሰበሰቡ። በሬውን የሰጠው ሙጨ ነው። ራሱ ነድቶ አምጥቶ፣ እማሆይን ጉልበት ስሞ አስረከበ። ሰው ሁሉ መረቀው። በግብሩ ላይ ከነልጁ ከፊት ተቀመጠ፤ ወጡ እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ አልነካሁትም።

እማሆይ የሚበላውንና የማይበላውን ሰው በጆሯቸው ይለያሉ መሰለኝ። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ፈንቴ፣ የልጄን አትበላም?»

«ይህ የልጅዎ አይደለም፣ እማሆይ። ልጅዎ በሬ አልለመነም።»

«ምን ነበር የለመነ?»

መሐላዬን አሰብኩ። የአባትየውን ሕመም አላነሣሁም። ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ ልጃቸው ሊድንበት የሚችለው እርሾ ምን እንደነበር፣ ከማን ደጅ እንደለመንኩት፣ ምን ተብዬ እንደተመለስኩ ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አገላበጡ።

«ወጣቱ እዚህ አለ?» አሉኝ።

«አለ። ከአባቱ ጎን ነው።»

«ጤነኛ ነው?»

«እንደ ወይፈን ነው፣ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቀው» አሉና ተነሥተው፣ ለሙጨ ጠላ እንዲጨምሩለት አሳላፊዋን አዘዙ። እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሞጣ ስነሣ መንገዴ በሙጨ ደጅ ነው። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ግቢው ይታያል። ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የውሃ ጆግ ይዞ ወደ ጓሮ ሽንት ቤት ሲሄድ አየሁት። አየኝና ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት አደሩ ጋሼ» አለኝ።

አልመለስኩለትም።